የጂፒ ቀጠሮ፦ ስልኩ ቢቀልም ወረፋው የት ሄደ?

እንግሊዝ አገር የሚኖር ሐበሻ ይህን ሰዓት ያውቀዋል። በኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ በእነሱ ስምንት። የጂፒው፣ ማለትም የሰፈሩ ሐኪም ቤት፣ ስልክ የሚከፈተው ያኔ ነው። ሁለት ደቂቃ ቀደም ብሎ የደወለ ሰው «ገና አልከፈትንም» የሚል የተቀዳ ድምፅ ይሰማል። ሁለት ደቂቃ የዘገየ ደግሞ ከሃያ ምናምን ሰው ኋላ ይሰለፋል። ሙዚቃው ጆሮ እስኪግል ይቀጥላል። ተራው ሲደርስ ያቺ የተለመደች መልስ ትመጣለች፦ «የዛሬው አልቋል።»

ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ወዲህ ግን አዲስ ደንብ አለ። በእንግሊዝ ያለ ጂፒ ሁሉ በኢንተርኔት የሚቀርብ ጥያቄ መቀበያውን በሥራ ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12፡30 ክፍት ማድረግ አለበት። ደንቡ የሚመለከተው አስቸኳይ ያልሆነ ቀጠሮን፣ የመድኃኒት ጥያቄንና እንደ ደብዳቤ ያለ የቢሮ ጉዳይን ነው።

ይህን ተከትሎ ወሬው ተደበላልቋል። «ከእንግዲህ ስልክ ቀረ» የሚል አለ። «በጠየቁበት ቀን ሐኪም ማየት ግዴታ ሆነ» የሚልም አለ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ስልክም አለ፣ በአካል ሄዶ መጠየቅም አለ። ደንቡ የሚለው መስኮቱ እንዳይዘጋ ነው። ከመስኮቱ ጀርባ ስንት ሐኪም እንዳለ አይናገርም።

(የምናወራው ስለ እንግሊዝ ብቻ ነው። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው አሠራር አላቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ በር፣ አንድ ሂሳብ

ጂፒ ጠቅላላ ሐኪም ማለት ነው። ሰው ግን ሐኪሙንም ክሊኒኩንም በዚሁ ስም ይጠራል። እኛም እንደዚያው እንቀጥል።

አዲስ አበባ ላይ ጉልበቱን ያመመው ሰው ገንዘቡ ካለው በቀጥታ የአጥንት ሐኪም ጋ ይሄዳል። ካርድ ያወጣል፣ ወረፋ ይይዛል፣ ይገባል። እንግሊዝ ውስጥ የሆስፒታል ስፔሻሊስት ለማየት፣ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ጂፒው ሪፈር መጻፍ አለበት። ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣ ሰው «ለምን ዝም ብዬ ስፔሻሊስቱ ጋ አልሄድም?» እያለ የሚበሳጨው ለዚህ ነው። በሩ አንድ ስለሆነ ሁሉም እዚያው በር ላይ ይከማቻል።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ ብዙም አይወራም። ኤንኤችኤስ የሚባለው የመንግሥት ጤና አገልግሎት ጁላይ 5 ቀን 1948 ሥራ ሲጀምር ሆስፒታሎቹ የመንግሥት ሆኑ። ጂፒዎቹ ግን የመንግሥት ደመወዝተኛ መሆን አልፈለጉም። ዛሬም አብዛኛው ጂፒ ሐኪሞች በሽርክና የያዙትና ከኤንኤችኤስ ጋር ውል ያለው ቤት ነው። ዋናው ክፍያ የሚታሰበው በተመዘገበ ሰው ልክ ነው። በዕድሜና በመሳሰለው ተስተካክሎ ለአንድ ሰው በዓመት ከ100 ፓውንድ ጥቂት ከፍ ይላል። ታካሚው በዓመት አንዴም ይምጣ ሃያ ጊዜ፣ ይህ ክፍያ ያው ነው።

ጥሩ ጎን አለው። ሐኪሙ ኪሱን ለመሙላት የማያስፈልግ ምርመራ የሚያዝበት ምክንያት የለም። የግል ክሊኒክ ሂሳብ ያቃጠለው ሰው ይህ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። ችግሩ፣ አንድ ተጨማሪ ቀጠሮ ለጂፒው ተጨማሪ ወጪ እንጂ ተጨማሪ ገቢ አለመሆኑ ነው።

የሰኞ ጠዋት ስሌት

በእንግሊዝ ጂፒዎች የሚመዘገበው ቀጠሮ በዓመት ከ360 ሚሊዮን በላይ ነው። የተመዘገበው ሕዝብ ከ63 ሚሊዮን በላይ። ለአንድ ሰው በአማካይ ወደ ስድስት ቀጠሮ ይደርሳል ማለት ነው። አንድ ጂፒ (ክሊኒኩ ማለት ነው) በአማካይ 10 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል። ስለዚህ በዓመት 60 ሺህ፣ በሥራ ቀን ወደ 240 ቀጠሮ ይሰጣል። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ገደማው ብቻ ከሐኪም ጋር ነው። የቀረው ከነርስ፣ ከፋርማሲስት ወይም ከሌላ ባለሙያ ጋር ነው።

አሁን ሰኞን እናስብ። ቅዳሜና እሁድ ያመመው ሁሉ ተጠራቅሞ ይመጣል። 150 ሰው ልክ በሰዓቱ ደወለ እንበል። ስልክ የሚያነሱት አራት ናቸው። አንድ ጥሪ ሦስት ደቂቃ ከወሰደ አራቱ በሰዓት 80 ጥሪ ያስተናግዳሉ። የመጨረሻው ሰው ተራው የሚደርሰው ለሁለት ሰዓት ያህል ከጠበቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የዕለቱ ቀጠሮ ተሟጧል። ሪሴፕሽኒስቷ ክፉ ስለሆነች አይደለም። ቀጠሮውን ሁሉ በአንድ ደቂቃ ካወጡት ግፊያ መፈጠሩ አይቀርም።

ሰልፍ በሌለበት ታክሲ ሲመጣ ማን እንደሚገባ እናውቃለን። ጉልበት ያለው ነው። እዚህ ጉልበት ማለት ነፃ ጠዋት፣ ካርድ ያለው ስልክና የሚያግባባ እንግሊዝኛ ነው። በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የሚነዳ፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ የሚያነጥፍ፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው ከመጀመሪያው ከግፊያው ውጭ ነው። የበለጠ የታመመው ሳይሆን የፈጠነው ይቀድማል።

በየዓመቱ የሚደረገው የታካሚዎች መጠይቅ ውጤቱን ያሳያል። በ2012 ከአሥር ሰው ስምንቱ ጂፒውን በስልክ ማግኘት ቀላል ነው ይል ነበር። በ2023 እንደዚያ ያለው ግማሹ ነው። የሚገርመው፣ የቀጠሮው ቁጥር አልወረደም። እንዲያውም ከኮቪድ በፊት ከነበረው ይበልጣል። ሕዝቡ በዛ፣ አረጀ፣ አንድ ሰው የሚይዘው የበሽታ ዓይነትም ጨመረ።

«ጥፋቱ ቀጠሮ ይዘው የሚቀሩ ሰዎች ነው» የሚል ክርክርም አለ። በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሪሺ ሱናክ በ2022 የወግ አጥባቂው ፓርቲ መሪ ለመሆን ሲወዳደሩ በሚቀሩት ላይ 10 ፓውንድ ቅጣት እንዲጣል ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ በኋላ ተዉት። የሚቀረው ከ100 ቀጠሮ አምስት ገደማ ነው። ያናድዳል፣ ግን የሰኞውን ግፊያ አያስረዳም።

ቶኒ ብሌር ያልጠበቁት ቅሬታ

መንግሥት ይህን ችግር ሊፈታ ሲሞክር የመጀመሪያው አይደለም። በ2000 የወጣው የኤንኤችኤስ ዕቅድ ታካሚ በ48 ሰዓት ውስጥ ጂፒ ማየት አለበት የሚል ግብ አስቀመጠ። ግቡን የመታም ገንዘብ ያገኝ ነበር። ታዲያ ብዙ ጂፒዎች ምን አደረጉ? ቀድሞ ቀጠሮ መስጠቱን ተዉት። የሳምንት ቀጠሮ የሚባል ነገር ከሌለ ከ48 ሰዓት በላይ የጠበቀ ሰውም አይኖርም። ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ ያምራል።

በ2005ቱ የምርጫ ዘመቻ የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ቢቢሲ ቴሌቪዥን ላይ ከሕዝብ ጥያቄ ይቀበሉ ነበር። አንዲት እናት ተነሣች። ሐኪሙ ልጇን ከሳምንት በኋላ ማየት ይፈልጋል። ጂፒው ግን ከ48 ሰዓት በላይ ቀድሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ብሌር ነገሩን ከዚያ በፊት እንዳልሰሙ ተናገሩ፤ አዳራሹ ውስጥ የነበሩ ሌሎች ሰዎች ግን ተመሳሳይ ቅሬታ አሰሙ። ግቡ በ2010 ተነሣ። «በዕለቱ ደውሎ በዕለቱ መያዝ» የሚባለው ልማድ ግን እስካሁን ብዙ ቦታ አለ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለጨዋታ አይደለም። አሁንም የሚለካው ስልክ በስንት ደቂቃ ተነሣ፣ ቀጠሮ በስንት ቀን ተገኘ የሚለው ነው። የሚለካው ነገር ይሻሻላል። የማይለካው ዋጋውን ይከፍላል።

ሐኪም እያለ ሐኪም የጠፋበት ጊዜ

በ2015 የሙሉ ቀን ሥራ ሲሰላ ሥልጠናቸውን የጨረሱ ጂፒ ሐኪሞች ከ29 ሺህ በላይ ነበሩ። በ2024 ወደ 28 ሺህ ወርደዋል። በዚሁ ጊዜ የተመዘገበው ሕዝብ በሚሊዮኖች ጨምሯል። ወግ አጥባቂው ፓርቲ በ2019 ምርጫ 6 ሺህ ሐኪም እጨምራለሁ ብሎ ነበር። አልሆነም።

ከ2019 ጀምሮ ግን ሌላ ገንዘብ መጣ። በሰፈር የተሰባሰቡ ጂፒዎች ፋርማሲስት፣ ፊዚዮቴራፒስትና የመሳሰሉትን ሲቀጥሩ ደመወዛቸውን ኤንኤችኤስ ይሸፍናል። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ጀርባውን ያመመው ሰው የግድ ሐኪም ማየት የለበትም። ነገር ግን በዚያ ገንዘብ ሐኪም መቅጠር አይቻልም ነበር። ስለዚህ በ2024 ግራ የሚያጋባ ነገር ታየ። ታካሚ ሐኪም አጣ፣ አዲስ የተመረቀ ጂፒ ሐኪም ደግሞ ሥራ አጣ። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ደንቡ ላላ ተደርጎ አዳዲስ ሐኪሞችም በዚያ ገንዘብ እንዲቀጠሩ ተፈቀደ። ሁሉም ጂፒ ግን ለተጨማሪ ሐኪም የሚሆን ክፍል የለውም። ብዙዎቹ ያረጁ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ናቸው።

መስኮቱ ቀኑን ሙሉ ሲከፈት

በኢንተርኔት የሚሞላው ፎርም ብዙ ጊዜ ጥቂት ነገር ይጠይቃል። ምን አመመህ? ከመቼ ጀምሮ? ምን ሞከርክ? ምን ትፈልጋለህ? ከዚያ ጂፒው ውስጥ አንድ ሰው ያነበዋል። ማን ቶሎ መታየት እንዳለበት፣ ማን ፋርማሲ እንደሚበቃው፣ ማን በስልክ እንደሚያልቅለት ይለያል። ይህ ልየታ ትሪያጅ ይባላል።

መንግሥት የሚለው ግልጽ ነው። ጥያቄው ቀኑን ሙሉ ተበትኖ ከገባ የጠዋቱ ግፊያ ይቀንሳል። ስልኩም መጻፍ ለማይችለው ይለቀቃል። ብዙ ጂፒዎች ከደንቡ በፊትም እንዲህ ይሠሩ ስለነበር የማይቻል ነገር አይደለም።

የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር፣ ቢኤምኤ የሚባለው፣ ደንቡን በዚህ መልኩ መጀመሩን አጥብቆ ተቃውሟል። ክርክሩ ሰነፍነት ተደርጎ ሲቀርብ ይሰማል፤ ይህ ፍትሐዊ አይደለም። አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ በተከፈተ ፎርም ውስጥ የደረት ሕመም ሊጻፍ ይችላል። ምሽት 12 ሰዓት ላይ የገባውን መልእክት ማን ያነበዋል? ፎርሞቹን የሚያነበው ሐኪም ደግሞ ያን ሰዓት ታካሚ እያየ አይደለም። ማኅበሩ ለአንድ ሐኪም በቀን ከ25 ታካሚ በላይ ደኅንነት ያሳጣል ብሎ ይመክራል። መስኮቱ ክፍት ሲሆን ግን ገደብ የለውም።

በእኔ ግምት ሁለቱም ወገን ከፊል እውነት ይዟል። ፎርሙ ከስልኩ ግፊያ የሚሻልበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ቀጠሮ የሚሰጠው በፍጥነት ሳይሆን በሕመሙ ክብደት ነው። ይህ የሚሠራው ግን ልምድ ያለው ሰው ሲያነበው ነው። ያ ሰው ከሌለ ወረፋው ከስልክ ወደ ስክሪን ይዛወራል። ዝም ያለ ወረፋ ስለሆነ ደግሞ አይሰማም።

«ብርድ መታኝ» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

ፎርሙ እንግሊዝኛ ነው። እዚህ ላይ የኛ ሰው ጉዳይ ለየት ይላል።

አንዲት እናት ጎኗን እየወጋት፣ ስትተነፍስ እየከበዳት «ብርድ መታኝ» ትላለች። አማርኛ ተናጋሪ ሐኪም ብትሰማ ቀጥላ የምትጠይቀውን ታውቃለች፦ የት ጋ? ሳል አለ? ትኩሳትስ? የስልክ መተርጎሚያው ግን «ብርድ» ያለውን ጉንፋን አድርጎ ሊጽፈው ይችላል። ፎርሙን የሚያነበው ሰው «ፈሳሽ ይጠጡ፣ ፋርማሲ ይሂዱ» ብሎ ይመልሳል። በተቃራኒው ቃር የያዘው ሰው «ልቤን ያቃጥለኛል» ብሎ ቃል በቃል ቢተረጎምለት የልብ ጉዳይ ተብሎ አምቡላንስ ጥራ ሊባል ይችላል። «ጨጓራ አለብኝ»፣ «ውጋት»፣ «ቁርጥማት»፤ እነዚህ በኛ ዘንድ ሙሉ ታሪክ ያላቸው ቃላት ናቸው። በፎርሙ ሳጥን ውስጥ ግን ተንጠልጥለው ይቀራሉ።

ስለዚህ ፎርም ሲሞላ የበሽታ ስም ከመጻፍ የሚታየውንና የሚሰማውን መጻፍ ይሻላል። የት የሰውነት ክፍል፣ ከስንት ቀን ጀምሮ፣ ምን ማድረግ እንደከለከለ። «ደረጃ መውጣት አልቻልኩም» የሚለው «በጣም አመመኝ» ከሚለው የበለጠ ይነግራል።

አስተርጓሚ በነፃ ማግኘት ይቻላል። ጥያቄው ቀጠሮው ሲያዝ እንጂ ሐኪሙ ፊት ከተቀመጡ በኋላ መሆን የለበትም፤ ረዘም ያለ ቀጠሮም አብሮ መጠየቅ ይገባል፣ ሁሉ ነገር ሁለቴ ስለሚነገር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የእናቱን የማሕፀን ሕመም ማስተርጎም የለበትም። ይህን የሚያደርጉ ቤተሰቦች አስተርጓሚ እንዳለ ስላልተነገራቸው እንጂ ወደው አይደለም።

ለመመዝገብ ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የአድራሻ ማረጋገጫ የግድ አይደለም። ጥገኝነት ጠይቆ ሆቴል ውስጥ ያለ ሰውም መመዝገብ ይችላል። ሪሴፕሽን ላይ የቆመ ሰው ይህን ሳያውቅ ሊመልስ ይችላል፤ ደንቡ ግን እንዲህ ነው። ከ2023ቱ ውል ወዲህ «ነገ ይደውሉ» ብሎ መሸኘትም አይፈቀድም። ደዋዩ በመጀመሪያው ጥሪ ጉዳዩ መታየት ወይም ወደ ትክክለኛው ቦታ መመራት አለበት።

አንዳንዱ ጉዳይ ጂፒውንም አይፈልግም። ከጃንዋሪ 31 ቀን 2024 ጀምሮ ፋርማሲስት ያለ ሐኪም ማዘዣ ሰባት ሕመሞችን አይቶ መድኃኒት መስጠት ይችላል። የጉሮሮ ሕመም፣ ሳይነስ፣ የልጆች የጆሮ ሕመም፣ ያመረቀዘ የነፍሳት ንክሻ፣ ልጆች ላይ የሚበዛው ቅርፊታም የቆዳ ቁስል፣ አልማዝ ባለጭራ፣ እንዲሁም ከ16 እስከ 64 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ ያልተወሳሰበ የሽንት ኢንፌክሽን ናቸው። ማማከሩ በነፃ ነው። ለመድኃኒቱ ግን ከክፍያ ነፃ ያልሆነ ሰው እንደ ማንኛውም ማዘዣ ይከፍላል።

ድሃ ሰፈር ሐኪም ያንሰዋል

ጁሊያን ቱዶር ሃርት የሚባል በዌልስ የማዕድን ሠራተኞች መንደር ይሠራ የነበረ ጂፒ በ1971 አንድ ነገር ጻፈ። ጥሩ ሕክምና ይበልጥ በሚያስፈልገው ሕዝብ ዘንድ ይበልጥ ያንሳል አለ። ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፎም እውነትነቱ አልጠፋም። በእንግሊዝ ድሃ ሰፈሮች ውስጥ አንድ ሐኪም የሚይዘው ሰው ከሀብታም ሰፈር ይበዛል። ክፍያውን የሚያሰላው ቀመር ለዕድሜ ክብደት ይሰጣል። ለድህነትና በአስተርጓሚ ለሚረዝም ቀጠሮ ግን እምብዛም አይከፍልም። ጡረተኞች የሚበዙበት ጸጥ ያለ የገጠር ከተማ፣ ስደተኛ ከሚበዛበት የለንደን ሰፈር የተሻለ ሊያገኝ ይችላል። መንግሥት በ2025 ቀመሩ እንዲገመገም ወስኗል። ገንዘቡ ካልጨመረ አንዱ ሰፈር የሚያገኘው ሌላው ሰፈር የሚያጣውን ነው፤ ስለዚህ ጭቅጭቅ አያጣውም።

ቶሎ መታየት ወይስ በሚያውቅ ሐኪም መታየት

የቀጠሮ ክርክር ሁሉ ስለ ፍጥነት ነው። ጉሮሮውን ላመመው ወጣት ፍጥነቱ ይበቃዋል። ስኳርም ደም ግፊትም ላለባት፣ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ለምትወስድ አሮጊት ግን ሌላ ጥያቄ አለ፦ ያ ሐኪም ያውቀኛል?

በ2021 የታተመ የኖርዌይ ጥናት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን ተመልክቷል። ከአንድ ሐኪም ጋር ከ15 ዓመት በላይ የቆዩት፣ አንድ ዓመት ብቻ ከቆዩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ለድንገተኛ ሆስፒታል የመግባታቸውም የመሞታቸውም ዕድል ከሩብ ያላነሰ ዝቅ ይላል። ይህ ብቻውን ሐኪሙ ነው ያዳናቸው ለማለት አያስችልም፤ ነገር ግን አብሮ በቆየ ቁጥር ልዩነቱ ደረጃ በደረጃ መስፋቱ ችላ አይባልም።

በፎርም መልስ የሚሰጠው በዕለቱ ነፃ የሆነው ባለሙያ ነው። ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው። ታካሚው ታሪኩን በየጊዜው ከሀ ይጀምራል፤ የቀጠሮው አሥር ደቂቃ በታሪኩ ያልቃል። አማርኛ ተናጋሪው ታካሚ ያን ታሪክ የሚጀምረው በአስተርጓሚ ነው።

ከ2015 ጀምሮ በእንግሊዝ ጂፒ የተመዘገበ ሰው ሁሉ በስሙ የተመደበለት ሐኪም አለው። ማን እንደሆነ ሪሴፕሽን ጠይቆ ማወቅ ይቻላል፣ ቢዘገይም እሱን ልጠብቅ ማለትም ይቻላል። ያንን ሐኪም በዓይኑ ሳያየው ዓመታት ያለፉት ሰው ግን ጥቂት አይደለም።